ሽቦው በላያችን ያልፋል፦ ድምፅ፣ ኤሌክትሪክና ሙቀት በአዳማ ዙሪያ የተጓዙበት ታሪክ

ከአዳማ ወጣ ብላችሁ በቆቃ ወይም በመተሐራ መንገድ ከተጓዛችሁ፣ እርሻውን አቋርጠው የሚያልፉ ግዙፍ የብረት ምሰሶዎች ማየታችሁ አይቀርም። ምሰሶዎቹ የተሸከሙት ሽቦ ከተማ ያበራል፣ ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል፣ አሁን አሁን ደግሞ ባቡር ይጎትታል። በገጠሩ ግን እንዲህ ያለ ሽቦ በላዩ እያለፈ በኩራዝ ወይም በእጅ ባትሪ የሚያመሽ ቤት ዛሬም አለ። «በላያችን እያለፈ ለምን እኛ ዘንድ አይወርድም?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የመልሱ ግማሽ የገንዘብና የፖሊሲ ጉዳይ ነው። ሌላው ግማሽ ፊዚክስ ነው፤ እናንተም ክፍል ውስጥ ተምራችሁ ለፈተና የሸመደዳችሁት ቀመር ውስጥ ተቀምጧል። እዚያ ለመድረስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ከኤሌክትሪክ በፊት መልእክት ከሰው እግርና ከፈረስ ፈጥኖ የሚጓዝበት መንገድ ድምፅ ነበር። አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰማል፤ አደጋ ሲመጣ ከጋራ ጋራ ይጮሃል። ነጋሪቱ ሲመታ የተወጠረው ቆዳ አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፤ ያ አየር ቀጣዩን ይገፋል፤ እንዲህ እያለ ጆሯችሁ ይደርሳል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላ አንድ ሰው ሲገፋ አስቡ። ግፊያው እስከ ፊት ይደርሳል፤ የገፋው ሰውዬ ግን ያው ከኋላ ቆሟል። የተጓዘው ጉልበቱ ነው፤ ሰውዬው አይደለም።

ይህ ግፊያ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይሄዳል። በትክክል ለመናገር፣ በአዳማ የ25 ዲግሪ ቀትር 346 ሜትር ገደማ፣ በአዲስ አበባ የ10 ዲግሪ ማለዳ ደግሞ 337 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ልዩነቱ አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነችና አየሯ ስለሳሳ ይመስለዋል። አይደለም። ከፍታ ብቻውን የድምፅን ፍጥነት አይለውጥም፤ ለዋጩ የአየሩ ሙቀት ነው። በጠጣር ነገር ውስጥ ደግሞ ድምፅ እጅግ ይፈጥናል፤ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲው ባቡር አዳማን አቋርጦ ሲያልፍ፣ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ ሐዲዱ ላይ ጆሮውን የደቀነ ልጅ መምጣቱን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይሰማ ነበር ማለት ነው። በአየር የሚመጣው ድምፅ እስኪደርሰው 15 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ እሱም ከተሰማ ነው። (ይህን በዛሬው ሐዲድ እንዳትሞክሩት! የዛሬው ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ አመጣጡም እንደ ድሮው አይደለም።)

«ከተሰማ» ያልኩት በምክንያት ነው። ነጋሪት ፍጥነት አያንሰውም፤ ችግሩ መበተን ነው። ድምፁ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሰራጭ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጆሯችሁ የሚደርሰው ድርሻ ወደ ሩብ ይወርዳል። በሦስት እጥፍ ርቀት ዘጠነኛው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የቱንም ያህል ብትጎስሙ፣ የአዲስ አበባ ነጋሪት ሐረር አይሰማም።

ይህን ችግር ለመጀመሪያ ጊዜ የፈታልን ቀጭን ሽቦ ነው። በኋላ ራስ የሆኑት መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ወደ ጣሊያን ከተላኩበት ጉዞ ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደመጡ ይነገራል። ሰው የሌለበት ድምፅ መስማት ብዙዎችን አስደንግጦ «የሰይጣን ሥራ ነው» እንዳሰኘም ይተረካል። ከዚያ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረር–አዲስ አበባ የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀመረ። እስቲ አስሉት፦ ድምፅ ሳይደክም መሄድ ቢችል እንኳ 477 ኪሎ ሜትርን ለመጨረስ 23 ደቂቃ ይፈጅበታል። «እንዴት አደሩ» ብላችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ለመስማት ሦስት ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። ስልኩ ድምፁን ራሱን አልላከም። የድምፁን ግፊያ ወደ ኤሌክትሪክ መዋዠቅ ለወጠውና ጉልበቱ እንዳይበተን በሽቦ መራው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ መልሶ አየር እንዲገፋ አደረገው። የኤሌክትሪክ ታሪካችን በመብራት ብቻ የተጀመረ ይመስለናል፤ በሽቦ ርቆ በመጓዝ ግን ወሬ መብራትን ቀደመ።

አሁን ወደ ቆቃ።

ኢጣሊያ ለወረራው ካሣ እንድትከፍል የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪሱ የሰላም ውል ነበር፤ በውሉ ላይ የሰፈረው 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ክፍያው ዓመታት ተጓተተ፤ በመጨረሻ በ1956 በተደረገ ስምምነት በአዋሽ ወንዝ ላይ ግድብ ሆኖ ተከፈለ። ቆቃ በ1960 ሥራ ጀመረ። እያንዳንዳቸው 14.4 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሦስት ማሽኖች፣ በድምሩ 43.2 ሜጋዋት ማለት ነው። ዛሬ ከሕዳሴው ግድብ ጎን ሲቀመጥ ምንም አይመስልም። በጊዜው ግን ከዚያ በፊት አዲስ አበባን ያበራ የነበረው፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ 7 ሜጋዋት እንኳ የማይሞላ ነበር። በአንድ ጊዜ ስድስት እጥፍ!

ግድቡ ያጠራቀመው ውሃ ራሱ ወደ ከተማ አይሄድም፤ የሚሄደው ከከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ 40 ሜትር ቢወርድ የሚሰጠው ጉልበት 392,000 ጁል ገደማ ነው። ማሽኑ ውስጥ የሚባክነውን ቀንሰን ወደ መብራት ቆጣሪ ቋንቋ ብንተረጉመው 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ባለ 10 ዋት አምፖል ለ10 ሰዓት ያበራል። ጥሩ ነው፤ ግን ምጣድ ስትሰኩ ምን ይሆናል? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት እንጀራ ለመጋገር 35 ሜትር ኪዩብ ውሃ ከግድቡ መውረድ አለበት፤ በበርሜል ብንለካው 175 በርሜል። በመንገድ የሚባክነውን ሳንቆጥር ነው ይሄ። እናታችሁ «ምጣዱ ላይ እያለሁ ሌላ ነገር አትሰኩ» ስትል ፊውዙን ብቻ አይደለም ያሰበችው ማለት ነው፤ ባታውቀውም ለአዋሽ ወንዝ እየቆጠበች ነው።

ደግነቱ ያው ውሃ ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል። ከቆቃ የወጣው አዋሽ ወደ ታች ሲወርድ በ1966 በተሠራው አዋሽ 2 እና በ1971 በተሠራው አዋሽ 3 እንደገና ተርባይን ይዘውራል፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት ናቸው። በመካከል የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል። በሆላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ የተተከለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954፣ ከግድቡ በፊት ነው። ቆቃ ሲሠራ የክረምቱን ጎርፍ ያዘለት፤ በበጋም ውሃው አልጠፋም። ከፍታው እስካለ ድረስ ውሃ አያረጅም። የሚያረጀው ማጠራቀሚያው ነው፤ ከደጋው ታጥቦ የሚመጣው አፈር ቆቃ ላይ ደለል ሆኖ እየተቀመጠ ውሃው የሚይዘውን ቦታ እየወሰደ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ እናልፈዋለን።

ከቆቃ እስከ አዲስ አበባ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉልበቱ በሽቦ እንዴት ይሄዳል? ብዙ ተማሪ ኤሌክትሮኖች ከቆቃ ተነስተው እየሮጡ ቃሊቲ የሚገቡ ይመስለዋል። ቢሆን ኖሮ ገና አልደረሱም ነበር! በሽቦው ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች እዚያው ባሉበት በሰከንድ 50 ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜያቸውም በዓይን የማይታይ ትንሽ ነው። ጉልበቱ የሚጓዘው በሽቦው ዙሪያ ባለው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ነው፤ ፍጥነቱም ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋል። ቆቃና አዲስ አበባ መካከል የሚፈጅበት ከሺህ የሰከንድ ክፍል አንዱን እንኳ አይሞላም። እንደገና ሰልፉን አስታውሱ፦ ገፊው አይሄድም፣ ግፊያው ይሄዳል።

ሽቦው ግን ጉልበቱን በነጻ አያሳልፍም። ተቃውሞ ስላለው ይሞቃል፤ የሚባክነውም የከረንቱ ስኩዌር ሲባዛ በተቃውሞው ነው። የሸመደዳችሁት ቀመር ይሄ ነው፤ ቁም ነገሩ «ስኩዌር» የሚለው ላይ ነው ያለው። ተመሳሳይ ኃይል በሁለት መንገድ መላክ ይቻላል፦ በብዙ ከረንትና በዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ ወይም በጥቂት ከረንትና በከፍተኛ ቮልቴጅ። ቤታችሁ ያለው 220 ቮልት ነው። የቆቃው መስመር ደግሞ 132,000 ቮልት፤ ልክ 600 እጥፍ። ስለዚህ ለተመሳሳይ ኃይል ከረንቱ በ600 ያንሳል፤ ብክነቱ ግን በ600 ሲባዛ በ600፣ ማለትም በ360,000 እጥፍ ያንሳል። በ220 ቮልት የቆቃን ኃይል ወደ አዲስ አበባ ልላክ ያለ መሐንዲስ ገበሬው ማሳ ላይ ሽቦውን አቅልጦ ይቀር ነበር። የሚገርመው፣ ሽቦው ላይ «ብክነት» ያልነው ይኸው መሞቅ ምጣዳችሁ ውስጥ ሲሆን እንጀራ ይባላል። ፊዚክሱ አንድ ነው፤ የተለየው የፈለግንበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስም እዚህ አለ። በጎጆው ላይ የሚያልፈው ሽቦ 132,000 ቮልት፣ አንዳንዱም 230,000 ቮልት ነው። ከዚህ ቀጥታ ቀጥሎ አምፖል ማብራት አይቻልም፤ ሽቦው አጠገብ መድረስ ራሱ ይገድላል። መጀመሪያ በትልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33,000 ወይም 15,000 ቮልት መውረድ አለበት፤ ከዚያ ሌላ መስመር ተዘርግቶ መንደሩ ጫፍ ላይ፣ ምሰሶ ላይ በምታዩት ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ይወርዳል። ጣቢያው ውድ ነው፤ ለአንድ መንደር ተብሎ አይተከልም። ስለዚህ መብራት የሚደርሳችሁ ከትልቁ ሽቦ በምትርቁት ልክ አይደለም፤ ከማከፋፈያ ጣቢያውና ከመካከለኛው መስመር በምትርቁት ልክ ነው። ይህ የሰውን ቅሬታ ስህተት አያደርገውም። ጣቢያው የት ይተከል፣ መካከለኛው መስመር በየት በኩል ይሂድ የሚለውን ሰው ነው የሚወስነው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉም ውሳኔው ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ሲያዘነብል ኖሯል። «ቮልቴጁ አይፈቅድም» የሚል መልስ ከሰጧችሁ ግን ግማሹን እንደነገሯችሁ እወቁ።

ከሦስቱ ተጓዦች ዘገምተኛው ሙቀት ነው፤ ለእኔ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ትልቁ ታሪክ እሱ ነው። የአዳማ ሰው ሶደሬ ሄዶ ፍል ውሃ ሲነከር፣ ያ ሙቀት ከየት ተነስቶ ስንት ጊዜ እንደተጓዘ አያስብም። የሸክላ ምጣድ እስኪሰማ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ ሲሄድ ርቀቱ በ10 እጥፍ ካደገ ጊዜው በ100 እጥፍ ያድጋል። 10 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ለማለፍ ሦስት ሰዓት ያህል፣ አንድ ሜትር ለማለፍ 12 ቀን ያህል፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለማለፍ ደግሞ 30,000 ዓመት ገደማ። ስለዚህ ከጥልቁ የሚመጣ ሙቀት በድንጋይ ብቻ ቢተማመን ኖሮ ሶደሬ ላይ አንዋኝም ነበር። ተሸካሚው ውሃ ነው። ዝናብ በመሬት ስንጥቅ ወርዶ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀልላል፣ ተመልሶ ይወጣል፤ ኮንቬክሽን የምትሉት ይሄ ነው።

ስንጥቆቹም ስም አላቸው። ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞር በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተደረደሩትን ወጣት ስንጥቆች «የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ» አላቸው፤ የሸንኮራው ወንጂ ስም በዓለም የጂኦሎጂ መጻሕፍት የሚገኘው በዚህ ነው። ቀበቶው ወደ ደቡብ ወርዶ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የሚገኘውን የአሉቶን እሳተ ገሞራ ያቋርጣል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ጥልቁ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። ከተራራው ግርጌ የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለኃይል የሚበቃ ነገር አልሰጡም። ሦስተኛው ተራራው ላይ፣ ከስንጥቆቹ አጠገብ ተቆፈረ፤ የዚህ ሰፈር ሙቀት ከ300 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። በጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት! ከምድር በታች ያለው ምድጃ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የውሃው መተላለፊያ ነው። እሳቱ ላይ መቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ የሚፈላው ውሃ የሚወጣበት ስንጥቅ ላይ መገኘት ያስፈልጋል።

በ1998 አሉቶ ላይ ከ7 ሜጋዋት ጥቂት ከፍ የሚል ማመንጫ ተተከለ። ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ፤ ዓመታት ቆሞ በ2007 በከፊል ተጠግኖ ተነሳ። የማመንጫው አሠራር ብልህ ነበር፦ የጉድጓዱን ሙቀት ከውሃ ይልቅ በዝቅተኛ ሙቀት ለሚፈላ ሌላ ፈሳሽ አቀብሎ ተርባይኑን በዚያ እንፋሎት ያዞራል። ነገር ግን ሙቀት ከአንዱ ወደ ሌላው በተቀበለ ቁጥር የሚያልፈው በቱቦ ግድግዳ ነው፤ ቱቦው ሲበላና ሲደፈን መንገዱ ይዘጋል። ጎረቤታችን ኬንያ በዚሁ ስምጥ ሸለቆ ላይ፣ ኦልካሪያ፣ በ1981 በ15 ሜጋዋት ጀምራ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋዋት ታመነጫለች። የከርሰ ምድር ሙቀታችን ከእነሱ ያነሰ ስለሆነ አይደለም። ቁፋሮ ሳያቋርጡ መቀጠልና የጥገና ባለሙያ ማቆየት ነው ልዩነቱ፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ነፋሱን ባላነሳ የአዳማ ሰው ይታዘበኛል። ነፋስም የሙቀት ጉዞ ነው፤ ፀሐይ መሬትን እኩል ስለማታሞቅ አየር ከቦታ ቦታ ይሄዳል። አዳማ በዚህ የታወቀች ናት፤ አቧራውን የቀመሰ ያውቃል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በ2012 ባለ 1.5 ሜጋዋት 34 ተርባይኖች ተተከሉ፣ 51 ሜጋዋት፤ በ2015 ደግሞ 102 ተጨመሩ፣ 153 ሜጋዋት። ነፋስ ፍጥነቱን እጥፍ ሲያደርግ ኃይሉ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን የቦታ ምርጫው ሁሉን ነገር ይወስናል። የበጋው ነፋስ የሚበረታው ግድቦቹ ውሃ በሚያጡበት ወቅት መሆኑ ደግሞ ሁለቱን ጥሩ ባልንጀሮች አድርጓቸዋል።

አንዳንዴ ግን ሙቀቱ ውሃን ሳይጠብቅ ድንጋዩን ራሱን አቅልጦ ይጓዛል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የሆነው ይህ ነው፤ የቀለጠ ዓለት ከመሬት በታች በስንጥቅ እየሰረገ ዓለቱን ሲሰነጥቅ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሳ፤ አንዳንዱ በመለኪያው ከ5 በላይ ደረሰ። በሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀቁ። አዳማ ተንቀጠቀጠች፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ያሉ ሰዎች ሌሊት በደረጃ ወረዱ። ለስምጥ ሸለቆው አዲስ ነገር አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1906 በላንጋኖ አካባቢ የተነሳው ከዚህ የበረታ ነበር። የእነዚህን ታሪክ አሰባስቦ በ1979 በመጽሐፍ ያሳተመው ፒየር ጉዋን ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋመውም እሱ ነው።

መንቀጥቀጡ የሚልከው ጉልበት በሁለት ሞገድ ተከፍሎ ይጓዛል። የመጀመሪያው ዓለቱን ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋ ነው፤ ማለትም ድምፅ ነው፤ የነጋሪቱ ዓይነት ሆኖ በዓለት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ። ሁለተኛው ዓለቱን ወደ ጎን የሚያወዛውዝ፣ በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ነው፤ ቤት የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ይሄኛው ነው። ከፈንታሌ እስከ አዳማ በቀጥታ መስመር 90 ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ የመጀመሪያው በ15 ሰከንድ፣ ሁለተኛው በ25 ሰከንድ ይደርሳል። መሃል ላይ 10 ሰከንድ አለ። መብረቅ ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቆጥራችሁ ርቀቱን እንደምታውቁ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ድንገተኛ ንቅናቄና በትልቁ ውዝዋዜ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ብታባዙት መነሻው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በግምት ታገኛላችሁ። ቆጠራውን ግን ጠረጴዛ ሥር ከገባችሁ በኋላ አድርጉት።